ቤንች ቴስት፦ «የባንኮ ሙከራ»

ቤንች ቴስት የሚባለው አንድን ዕቃ ማሽኑ ላይ ከመግጠም በፊት ለብቻው አስሮ ማሠራት ነው። በአማርኛ «የባንኮ ሙከራ» ብንለው ያስኬዳል። «ቅድመ ገጠማ ፍተሻ» የሚል ሊኖር ይችላል፤ መጽሐፍ ላይ ያምራል፣ ጋራዥ ውስጥ ግን የሚለው ሰው አይገኝም። ሞርሳንና ካቻቪቴን ከጣሊያን ወስዶ የራሱ ያደረገ መካኒክ ባንኮ ሲባል አይቸገርም።

ሞተር ለሚያስነሣው የሞተር ሳይክል ሞተሪኖ ይህ ሙከራ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ሐበሻ በብዛት ይኖርባት በነበረችው ካርቱም፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከመፈንዳቱ በፊት፣ ሞተር ሳይክሉም ሱዳኖች ረክሻ የሚሉት ባጃጅም ለብዙ ሰው እንጀራ ነበር። ሞተሪኖ ሲሞት ኦሪጅናሉን መግዛት ለሁሉም አይቻልም፤ ያገለገለ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ይፈለጋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ደግሞ፣ ካርቱምም ይሁን አዲስ አበባ፣ አንዴ የተገጠመን መልሶ መቀበል አይወድም። ስለዚህ ሙከራው ሒሳብ ሳይከፈል፣ ሻጩ እያየ ቢደረግ ይሻላል።

የሚያስፈልገው የተሞላ የ12 ቮልት ባትሪና ሁለት ወፍራም ገመድ ነው። ቀጭን ሽቦ አይሆንም፣ ይግላል። ሞተሪኖው ጨርቅ ተደርጎለት ሞርሳ ላይ ይታሰራል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ግን ውስጡ የተለጠፈው ማግኔት ሊሰነጠቅ ይችላል። በእጅ ይዞ መሞከር ለእጅ አንጓ አይበጅም፤ ሲነሣ ገላው በተቃራኒው ይወራጫል። ከፖዘቲቭ የመጣው ገመድ ሞተሪኖው ቡሎን ላይ ይታሰራል፤ የኔጌቲቩ ጫፍ መጨረሻ ላይ የሞተሪኖውን ገላ ይነካል። ይህ ቅደም ተከተል በዘፈቀደ አልመጣም። ብልጭታው ከባትሪው ራቅ ብሎ እንዲሆን ነው፣ ባትሪ የሚቃጠል ሃይድሮጂን ያወጣልና።

ሁለትና ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ደህናው ወዲያው ይነሣል፤ ድምፁ ቀጭንና አንድ ወጥ ነው። ከተንገራገጨ ወይም ብረት ለብረት የሚፋጭ ድምፅ ካወጣ ኩሽኔታው ወይም ቡሹ አልቋል። አንዴ ተነሥቶ አንዴ እምቢ ካለና ዘንጉን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ከተነሣ፣ ካርቦኑ ተበልቷል ወይም ካርቦኑ የሚያርፍበት መዳብ ተቃጥሏል። የካርቱምን አቧራ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የላስቲክ ቀለበቱ ያረጀ ሞተሪኖ ሲፈታ ከውስጡ የካርቦን ዱቄትና አሸዋ አብሮ ይወጣል። የሚዞርበትንም አቅጣጫ ማየት ነው፤ ገመዱ ከተቀያየረ ባለ ማግኔቱ ሞተሪኖ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ይህ ብልሽት አይደለም።

ሻጮች የማይነግሩት ነገር አለ፦ ባንኮ ላይ መዞር ሞተር ለማስነሣት ዋስትና አይሆንም። ባዶውን የሚፈተለክ ሞተሪኖ የፒስተኑ እመቃ ሲገጥመው ሊሰንፍ ይችላል፣ በተለይ ማግኔቱ ከደከመ። በተቃራኒውም ደህናው ሞተሪኖ በሌላ ጥፋት ይወቀሳል፤ ለምሳሌ በባትሪ። ኢንዲያን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1914 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ማስነሻ ያለው ሞተር ሳይክል ለገበያ አውጥቶ ነበር፤ የዘመኑ ባትሪ ቶሎ እያለቀ ስላስቸገረ ብዙ ሳይቆይ ተወው።

ስለዚህ ከተገጠመ በኋላም ቮልቲሜትሩን ባትሪው ላይ አድርጎ ማስነሣት ነው። ሲያስነሣ ከ9.5 ቮልት ግድም በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ቮልቴጁ ሳይወርድ ሞተሩ ከተንቀራፈፈ ማሳውን (የኔጌቲቩን ገመድ) እና ሪሌውን ማየት ነው።

በባንኮ ሙከራ የማይገኝ አንድ ነገር ይቀራል፦ የዘንጉ ጥርስ ብዛት። አሮጌውን ይዞ ሄዶ ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ መቁጠር ነው፤ ለዚህ ባትሪም አያስፈልግም።