የ«አባ» የሙዚቃ ጓድ መነሣትና መክሰም

እ.ኤ.አ. አፕሪል 6 ቀን 1974 በእንግሊዝ አገር በብራይተን ከተማ በተካሄደው የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር፣ ከስዊድን የመጡ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች «ዋተርሉ» በተባለ ዘፈናቸው በ24 ነጥብ አንደኛ ወጡ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የጓዱ ስም «አባ» ለእኛ ጆሮ የመነኩሴ መጠሪያ ቢመስልም፣ ከአግኔታ፣ ከቢዮርን፣ ከቤኒና ከአኒ-ፍሪድ ስሞች መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ስዊድናዊውን ግን አስቀድሞ ያስታውሰው የነበረው በዚሁ ስም ይሸጥ የነበረውን የቆርቆሮ ዓሣ ነው።

አራቱም ለሙያው እንግዳ አልነበሩም። ቢዮርን ኡልቬዩስ ከሕዝብ ዘፈን ቡድን፣ ቤኒ አንደርሶን ከሮክ ጓድ መጥተው በ1966 ተዋወቁ፤ አግኔታ ፌልትስኮግ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ የራሷን ድርሰት በሸክላ አስቀርጻ ዝና ያገኘች፣ አኒ-ፍሪድ ሊንግስታድም በዳንስ ኦርኬስትሮች ስትዘፍን ያደገች ነበረች።

ድሉ በገዛ አገራቸው በእልልታ ብቻ አልተስተናገደም። በዚያን ዘመን በስዊድን፣ ግራ ዘመም ሙዚቀኞች የራሳቸውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅቶች አቋቁመው በአገራቸው ቋንቋ የሚዘፍኑበት «የሙዚቃ ንቅናቄ» ተስፋፍቶ ነበር። ለእነዚህ ወገኖች የ«አባ» ዘፈን በእንግሊዝኛ ተጠቅልሎ ለገበያ የወጣ ሸቀጥ ነበር። ውድድሩ በደንቡ መሠረት በ1975 ወደ ስቶክሆልም ሲመጣ በዚያው ከተማ አማራጭ ፌስቲቫል አዘጋጅተው ተቃወሙት፤ በ1976 ስዊድን ከውድድሩ ቀረች።

ጥያቄያቸው የሚናቅ አልነበረም። ስምንት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የነበራት አገር በቋንቋዋ ካልዘፈነች ማን ሊዘፍንላት ነው? የጓዱ ሥራ አስኪያጅና የግጥሞቹ ተባባሪ ደራሲ ስቲግ አንደርሶንም ነጋዴነቱን የሚደብቅ ሰው አልነበረም። ዳሩ ግን ነቃፊዎቹ ሁለት ነገር ሳያዳምጡ ቀሩ። አንደኛው ድካሙ ነው። ድምፅ ቀራጩ ሚካኤል ትሬቶቭ አንዱን ቅጂ በሌላው ላይ እየደረበ፣ የቴፑንም ፍጥነት በጥቂቱ እየለወጠ፣ ጥቂት ሰዎች የሠሩት ዜማ ከብዙ ሕዝብ እንደ ወጣ ሆኖ እንዲሰማ ያደርግ ነበር። ሁለተኛው የዜማው ምንጭ ነው። ቤኒ በስድስት ዓመቱ አኮርዲዮን ይዞ ከአባቱና ከአያቱ ጋር ሲጫወት ያደገ ነው፤ ሐዘንና ደስታ ባንድነት የሚሄዱበት የጓዱ ዜማ ከዚያ ቤት የወጣ ይመስለኛል።

የዝናው ዘመን ብዙ የተባለለት ስለሆነ ባጭሩ እንለፈው። በ1976 በፖላንድ ቴሌቪዥን ቀረቡ፤ በ1977 በአውስትራሊያ እየተዘዋወሩ ዘፈኑ፤ በዚያው ዓመት «ዳንሲንግ ክዊን» በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

መክሰሙ ከመድረክ ሳይሆን ከቤት ጀመረ። ጓዱ የሁለት ባልና ሚስት ማኅበር ነበርና፣ ቢዮርንና አግኔታ በ1979 መለያየታቸውን አስታወቁ፤ ቤኒና አኒ-ፍሪድም በ1981 ተፋቱ። በ1980 የወጣውን፣ ስለ መለያየት የሚናገረውን «ዘ ዊነር ቴክስ ኢት ኦል» የገጠመው ቢዮርን፣ የዘፈነችው ደግሞ የተለየችው ሚስቱ ናት። እርሱ ታሪኩ የራሳችን አይደለም ቢልም፣ አድማጭ ይህን ረስቶ ለመስማት ይቸገራል። በ1981 መጨረሻ የወጣው «ዘ ቪዚተርስ» የተባለው አልበም ጭር ያለና የጠቆረ ነው፤ የርእሱ ዘፈን በሶቪየት ኅብረት በራቸው እስኪንኳኳ በፍርሃት ስለሚጠብቁ የመንግሥት ተቃዋሚዎች የተደረሰ ነበር። ሽያጩ ከቀደሙት አነሰ፤ ሥራው ግን በእኔ ግምት ከሁሉም የበሰለ ነው።

በዲሴምበር 1982 አብረው በቴሌቪዥን ከታዩ በኋላ ጓዱ ፈረሰ ብሎ ያወጀ የለም፤ ዝም ብለው ቀሩ። በ1999 ዘፈኖቻቸው በለንደን «ማማ ሚያ» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ሆኑ፤ በ2021 አዲስ አልበም አወጡ። ለቀድሞው ክርክር የሚቀርበው ግን ሌላ ሥራ ነው። በ1987 ቤኒ አኮርዲዮኑን ይዞ ከኦርሳ መንደር የባህል ቫዮሊን ተጫዋቾች ጋር ሸክላ አሳተመ። በ1995 ደግሞ እርሱና ቢዮርን ቪልሄልም ሙበርግ ወደ አሜሪካ ስለ ተሰደዱ የስዊድን ገበሬዎች የጻፋቸውን ልብ ወለዶች መሠረት አድርገው «ክሪስቲና ፍሮን ዱቬሞላ» የተሰኘውን ሙዚቃዊ ተውኔት በማልሞ ከተማ ለሕዝብ አቀረቡ። ቋንቋው ስዊድንኛ ነበር።