ወይዘሮ አን ብሪግማንና የተራራ ላይ ፎቶግራፎቻቸው

በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የራቁት ሰውነት ፎቶግራፍ የሚነሣው በአብዛኛው በስቱዲዮ ውስጥ ነበር፤ አንሺው ወንድ፣ ተነሺዋ ሴት። ይህን ልማድ ከለወጡት አንዷ አሜሪካዊቷ ወይዘሮ አን ብሪግማን (ከ1869 እስከ 1950 እ. ኤ. አ.) ናቸው።

ወይዘሮ ብሪግማን በሐዋይ ተወልደው በካሊፎርኒያ ኖሩ። ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመሩት ዕድሜያቸው ሠላሳ ካለፈ በኋላ ሲሆን፤ አልፍሬድ ስቲግሊትስ በ1902 በኒው ዮርክ ባቋቋመው የፎቶ ሴሴሽን ማኅበር ውስጥ በአባልነት ገቡ። በበጋ ወደ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች እየወጡ፣ ነፋስ ያጎበጣቸውን ዛፎች ይፈልጉ ነበር። በካሜራው ፊት የሚቆሙት እኅታቸው፣ ወዳጆቻቸው፣ አንዳንድ ጊዜም እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። በ1909 «ካሜራ ወርክ» በተባለው መጽሔት ከታተሙት ሥራዎቻቸው በአንደኛው፣ አንዲት ሴት ከተሰበረ የጥድ ግንድ ውስጥ ክንዷን ዘርግታ ትታያለች፤ ይህችውም ሴት አንሺዋ ራሳቸው ናቸው።

ሥራው ግን በተራራው ላይ አያልቅም ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ ኔጋቲቩን እየፋቁና ቀለም እየቀቡ መልኩን ይለውጡታል። ስለዚህ እነዚህን ፎቶግራፎች የዛፉ ወይም የአለቱ ትክክለኛ መዝገብ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ይሆናል። የታሪክ ማስረጃነታቸው በሌላ በኩል ነው፤ አንዲት ሴት ሰውነቷ እንዴት እንዲታይ ራሷ መወሰኗን ይመሰክራሉ።