ኩምሳ ወይስ ገብረእግዚአብሔር? የነቀምቴውን ግቢ ለሚጎበኝ ሰው

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከመዲናዋ ተነስቶ፣ ጎብኝቶ፣ በዕለቱ መመለስ አይታሰብም። የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ለደርሶ መልስ ጉብኝት የሚመቸው ለወለጋ ሰው ነው፤ ከጊምቢ ወይም ከአርጆ በኮንትራት አውቶቡስ ለሚመጣ ተማሪ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ ለዕድር አባላት። ከጠዋት እስከ ምሳ ግቢው ታይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ከሰዓት ወደ ወለጋ ሙዚየም ይታለፋል።

ችግሩ ግቢው በፎቶ አይገባም። ገና ከስሙ ይጀምራል። ኩምሳ የሚባለው ሰው ክርስትና ሲነሳ ገብረእግዚአብሔር ተብሏል፤ በአማርኛ ደብዳቤዎችም ደጃዝማች ገብረእግዚአብሔር ነው። ሁለቱ ስሞች የሁለት ሰው የሚመስለው ጎብኚ ቢኖር አይፈረድበትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአያቱ ነው። በከሬ ጎዳና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሌቃ ተፎካካሪዎቹን እያሸነፈ ኃይሉን አጠናከረ። ልጁ ሞሮዳ ግዛቱን አሰፋ። የሸዋና የጎጃም ጦር የምዕራቡን አገር ሀብት ለመያዝ ሲፎካከሩ ሞሮዳ መምረጥ ነበረበት፤ ከራስ ጎበና ዳጬ ጋር ተስማምቶ ለምኒልክ ገበረ። በዚያው በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ሸዋ ጎጃምን ድል ሲያደርግ የሞሮዳ ስሌት ትክክል ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ስምምነት የሌቃ ነቀምቴ ገዢ ቤት ሥልጣኑን አላጣም። ግብሩን በወርቅና በዝሆን ጥርስ እየከፈለ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ቆየ። የጅማው አባ ጅፋርም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። እንዋጋለን ያለው የወላይታው ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ምን እንደደረሰበት የታሪክ መጻሕፍት በሰፊው ጽፈውታል። ሞሮዳን በዛሬው የፖለቲካ ሚዛን አስቀምጦ «ከሃዲ» ወይም «አገር አንድ ያደረገ» ማለት ቀላል ነው። ከ1874 በኋላ የሆነውን ግን ሁለቱም ስድብና ሙገሳ አያስረዱም።

ምክንያቱም ሒሳቡን የከፈለው ሌላ ሰው ነው። ግብሩ ከቤተ መንግሥቱ ጓዳ አልወጣም። ወርቁን ከወንዝ አሸዋ ያጠበ፣ እህሉንና ማሩን ያቀረበ ገበሬ ነበር። አገሩ በጦር ከመጥፋት ዳነ፤ ገባሩ ግን ከአንድ ጌታ በላይ መቀለብ ግድ ሆነበት። በግቢው ውስጥ ሲዘዋወሩ የአዳራሹን ስፋት ከማድነቅ ጋር ይህንን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደግነቱ ማስረጃ አለ። ከነቀምቴው ቤተ መንግሥት የተገኙ የአማርኛ ሰነዶችን አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ ሰብስበው በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ አሳትመዋቸዋል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ቤተ መንግሥት ከማዕከሉ ጋር የሚነጋገረው በአማርኛ ወረቀት ነበር። ግቢው የመሣፍንት መኖሪያ ብቻ ሳይሆን መሥሪያ ቤትም እንደነበረ እነዚህ ወረቀቶች ይናገራሉ።

በዚያው ዘመን ሌላ ወረቀትም ወደ ነቀምቴ ገብቷል። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኦኔሲሞስ ነቀምቴ ሲገባ የተቀበለው ይኸው ደጃዝማች ገብረእግዚአብሔር ነው። ለአዲስ አበባ በአማርኛ የሚጽፍ ገዢ፣ በከተማው በኦሮምኛ የሚያስተምር ሰው ተቀበለ። አንዱን ስም ብቻ የሚጠራ አስጎብኚ ይህንን እንዴት ያስረዳል?

ከሙዚየሙ ግቢ ያለው የጣሊያን አውሮፕላን ቅሪት ደግሞ ወደ ልጁ ዘመን ይወስዳል። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ደጃዝማች ሀብተማርያም ገብረእግዚአብሔር ከሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች ጋር ሆኖ ምዕራቡ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር እንዲሆን ለመንግሥታቱ ማኅበር ጠየቀ። በሰኔ ጣሊያኖች ሊያግባቡት በአውሮፕላን መጥተው ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ አረፉ። የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮና ታዋቂው አብራሪ ሎካቴሊ እዚያው ተገደሉ። አያቱ በስሌት ያዳነውን ቤት የልጅ ልጁም በስሌት ሊያድነው ሞከረ፤ ወጣቶቹ መኮንኖች ደግሞ ስሌቱን በእሳት ቆረጡት። ቅሪቱ ፊት ቆሞ የጥቁር አንበሳን ጀግንነት ብቻ የሚሰማ ተማሪ እውነቱን ሰምቷል፣ ግን ግማሹን።

ባለፉት ዓመታት በወለጋ መንገዶች የነበረው የጸጥታ ችግር ጉዞን ራሱን አደጋ አድርጎት ከርሟል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን አውቶቡስ የሚከራይ መምህር ከታተሙት ደብዳቤዎች ሁለቱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለተማሪዎቹ ቢያድል፣ አንዱ በአማርኛው ቢያነበው፣ ሌላው በኦሮምኛ ቢተረጉመው፣ ግቢው በር ሲደርሱ የሚጠይቁት ጥያቄ ሌላ ይሆናል።