ከጎንደር መድረክ እስከ ቬኒስ፦ ኃይሌ ገሪማ እና የገበሬው ፊልም

በሰሃላ ተዳፋት ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ራሱን በፊልም ውስጥ የማየት ዕድሉ ጠባብ ነው። የፊልም ባለሙያዎቻችን ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ሳሎን አይወጣም። ይሁን እንጂ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ጢሰኛ ገበሬን የታሪኩ ባለቤት ያደረገ የኢትዮጵያ ፊልም ተሠርቶ ዓለም ተመልክቶታል። አዘጋጁ ኃይሌ ገሪማ ናቸው፤ ወደ ጥበቡ የገቡትም በጎንደር፣ በአባታቸው መድረክ ላይ በተዋናይነት ነበር።

ኃይሌ በ1938 ዓ.ም በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ በጣሊያን ወረራ ዘመን የነበረውን ተጋድሎ የሚተርከውን «ጎንደሬ በጋሻው» የተሰኘ መጽሐፍ የጻፉ፣ ቴአትርም እየደረሱ በየአገሩ እየተዘዋወሩ ያሳዩ የነበሩ ሰው ናቸው። አያታቸው ደግሞ ማታ ማታ እሳት ዳር ተረትና ታሪክ ያጫውቷቸው ነበር። ኃይሌ ለፊልም አተራረካቸው መሠረት አድርገው ደጋግመው የሚጠቅሱት ይህንኑ የእሳት ዳር ጨዋታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ትወና ለመማር ወደ አሜሪካ ተጉዘው በቺካጎ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ የጠበቃቸው ነገር ግን ሌላ ነበር። ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ድርሻ አነስተኛና ከሌላው ጀርባ የሚያስቆም ሆነባቸው። ሌሎች የጻፉትን የበታች ገጸ ባሕርይ ከመጫወት ታሪኩን ራሳቸው መተረክን መረጡ፤ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረውም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ጀመሩ።

ገና ተማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ አገራቸው መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ጊዜው የንጉሡ ሥርዓት የሚፈርስበት፣ የደርግም አገዛዝ ገና ያልጠናበት ነበር። ቀረጻው በጥቂት ሳምንታት ተጠናቀቀ። ካሜራው ባለ16 ሚሊ ሜትር፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ከተዋንያኑ አብዛኞቹ በሙያው ያልሠለጠኑ የአገር ሰዎች ናቸው።

ታሪኩ ለባለርስት የሚገብር የአንድ ጢሰኛ ቤተሰብ ኑሮ ነው። እርሻው፣ ከብት ጥበቃው፣ የውኃ መንገዱ ሳይቸኩል ይታያል። የግብርና ተማሪ የነበርሁ በመሆኔ ዓይኔን የሳበው ይኸው ዝግታ ነው፤ ለከተማ ተመልካች አሰልቺ የሚመስለው ትዕይንት እርፍ ለጨበጠ ሰው የታወቀ የሥራ ቀን ነው። ልጅቱ በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ በቀንበር ተጠምደው ሲያርሱ፣ ባለርስቱም ከኋላ ሲነዳቸው ታያለች። ኋላም ይህችው እረኛ በጎርፍ ትወሰዳለች። በመጨረሻም መሬቱን የተቀማውና እብድ የሚባለው ከበበ ባለርስቱን በዱላ ደብድቦ ይገድለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በዋግም ሆነ በጎንደር ሰፍኖ የነበረው በዘር የሚወረስ የርስት ሥርዓት ስለነበር፣ በደቡቡ የአገራችን ክፍል የታየው ዓይነት ጢሰኝነት በዚህ ያን ያህል አልተስፋፋም። ሆኖም ግብሩን፣ የግዳጅ ሥራውንና የመሬት ሙግቱን የእኛም አባቶች ያውቁታል። ፊልሙ ከተቀረጸ ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ጢሰኝነትም ቀረ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊዘርላንድ የሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ። ኃይሌ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ፊልም አስተማሩ። ስለ ባሪያ ንግድ የሠሩትን «ሳንኮፋ» (1993 እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሏቸው ከባለቤታቸው ከሺርኪያና አይና ጋር ሆነው አዳራሽ እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡም ጎረፈ። በእኔ እይታ ይህ ከሽልማቶቹ ሁሉ ይበልጣል፤ አባታቸው ቴአትራቸውን ይዘው በየአገሩ ይዞሩ ከነበረበት መንገድም ብዙ አይርቅም።

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጤዛ» በጀርመን ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰን አንበርብር የተባለ ምሁር ይከተላል። በጣና ሐይቅ አካባቢ የተቀረጸው ይህ ፊልም በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በቡርኪና ፋሶ የፌስፓኮን ታላቁን የወርቅ ሽልማት አገኘ። ልጇን ከስደት የምትቀበለውን የገጠር እናት የተጫወቱት ታከለች በየነ ናቸው።

የ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አሮጌ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ ታድሶ ዳግም ለዕይታ በቅቷል።