የጨሞጋ ሙላትና የፈተናው ጥያቄ

በጥር 2015 ዓ.ም. የወጣውን የ12ኛ ክፍል ውጤት የማያስታውስ ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ሰሞን በወጣቶች ኅብረታችን አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ጎበዝ ያልፋል፤ እኔ አላለፍኩም፤ እንግዲህ ሰነፍ ነኝ» አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ ልመልስለት እፈልጋለሁ። ለዚህ ግን የፈተናውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

አፕቲቱድ የምንለው የፈተና ዓይነት ሥሩ አሜሪካ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ምልምል ወታደሮችን በጅምላ የሚለይ የጽሑፍ ፈተና ተዘጋጀ። በዚያ ሥራ ከተካፈሉት አንዱ ካርል ብሪገም፣ በ1926 እ.ኤ.አ. ለኮሌጅ መግቢያ የሚሆነውን ኤስ ኤ ቲ አዘጋጀ። በመጀመሪያው ዙር ወደ 8,000 ተማሪዎች ተፈተኑ። ከክፍሎቹ አንዱ ከተሰጡ ዐረፍተ ነገሮች ተነሥቶ ትክክለኛውን መደምደሚያ ማውጣት ነበር።

ነገሩ ግን ለጎጃም ልጅ ባዕድ አይደለም። አያቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ የተቃራኒያቸውን ነገር ከመነሻው ይፈትሹ ነበር። የዲማ የቅኔ ተማሪም ከሰሙ ሥር ወርቁን ሲፈልግ አእምሮውን ያሠራል። ሐዲስ ዓለማየሁም ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባታቸው በፊት በዚሁ ምድር ቅኔ ተምረዋል።

እስኪ በአገራችን ምሳሌ እንየው። «ጮቄ ላይ ከባድ ዝናብ ከጣለ ጨሞጋ ይሞላል» የሚለውን እውነት ነው እንበል። ዛሬ ጨሞጋ ሞልቷል። ታዲያ ጮቄ ላይ ዘንቧል ማለት ነው? ብዙዎቻችሁ «አዎ» ትላላችሁ፤ ግን አይከተልም። ዝናቡ ከታች፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ጥሎም ሊሞላ ይችላልና። ጨሞጋ ካልሞላ ግን ጮቄ ላይ ከባድ ዝናብ እንዳልጣለ በእርግጥ ታውቃላችሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 የተሟገተው በዚሁ መንገድ ነው፦ የሙታን ትንሣኤ ከሌለ የክርስቶስ ትንሣኤም ሊኖር አይችልም፤ ክርስቶስ መነሣቱን ግን ምስክሮች አይተዋል፤ ስለዚህ የሙታን ትንሣኤ የለም ማለት አይቻልም።

አሁን ወደዚያ ልጅ እንመለስ። «ጎበዝ ሁሉ ያልፋል፤ እኔ አላለፍኩም፤ ስለዚህ ጎበዝ አይደለሁም።» ቅርጹን ተመልከቱ፤ ጨሞጋ ካልሞላበት ምሳሌ ጋር አንድ ነው። አካሄዱ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ መነሻው ላይ ነው። «ጎበዝ ሁሉ ያልፋል» ያለው ማን ነው? መጽሐፍ ያጣ፣ በእንግሊዝኛ የቀረበው ጥያቄ ቋንቋው የያዘው፣ በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ጎበዝ የለም?

ብሪገም ራሱ እዚህ ላይ ተሰናክሏል። በ1923 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ የወታደሮቹን ውጤት ይዞ፣ ከሰሜን አውሮፓ የመጡት በተፈጥሮ ከሌላው ይበልጣሉ አለ፤ በእርሱ ሚዛን ጥቁሮች ከታች ነበሩ። በ1930 እ.ኤ.አ. ግን ፈተናው የቋንቋን ተጽዕኖ ከተፈጥሮ ችሎታ እንደማይለይ አምኖ የራሱን ድምዳሜ መሠረት የለሽ ብሎ ሻረው። ፈተናውን የሠራው ሰው መነሻውን ካፈረሰ፣ እናንተ በዚያ መነሻ ላይ ቆማችሁ ራሳችሁን ለምን ትፈርዳላችሁ?

ይህን ስል ፈተናውን ናቁት ማለቴ አይደለም። አጥኑ። በየጥያቄው፣ «መነሻው እውነት ነው? መደምደሚያውስ ይከተላል?» በሉ። ውጤት ሲወጣም ይህን ጥያቄ አትተዉት።

ያን ጊዜ ዝም ያልኩህ ወንድሜ፣ ያ ወረቀት ሰነፍ መሆንህን አያረጋግጥም። ጎበዝ መሆንህንም አያረጋግጥም፤ እርሱ ገና በእጅህ ነው። ደብተርህን ይዘህ ና፣ አብረን እንሥራ።