ለአዛውንት ወላጆች የሚስማማ የእጅ ባትሪ እንዴት ይመረጣል?

የመብራት መቆራረጥ ለከተማ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ሌሊቱ የሚታለፈው በእጅ ባትሪ፣ በሶላር መብራት ወይም በኩራዝ ነው። ወጣት ጨለማውን በዳበሳም ቢሆን ሊያልፈው ይችላል። ለአዛውንት ግን ከመኝታ ተነሥቶ ጓሮ እስካለው መጸዳጃ ቤት ድረስ ያለው ጥቂት እርምጃ አደጋ ያዘለ መንገድ ነው።

በዚህ ምክንያት ልጆች ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ከሚይዟቸው ስጦታዎች አንዱ የእጅ ባትሪ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ብርሃኑ እጅግ የበረታው፣ ቁልፉም የበዛው ዓይነት ይሆናል። ለአዛውንት የሚበጀው ግን ሌላ ነው፤ ወላጆች ያለ ማንም እርዳታ በጨለማ ውስጥ ፈልገው የሚያገኙት፣ በአንድ ጊዜ የሚያበሩት፣ ኃይሉ ሲያልቅም ራሳቸው የሚተኩት ወይም የሚሞሉት ባትሪ ነው።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት ይሻል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ሰዎች በመውደቅ ሳቢያ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ለሞት በሚያበቃ አወዳደቅ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ከሞት የተረፉትም ቢሆኑ የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ እንደ ቀድሞው ራሳቸውን ችለው መንቀሳቀስ ሊያዳግታቸው ይችላል።

ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን ይጠብባል፤ በውስጡ ያለው ሌንስም እየደፈረሰና እየቢጫ ይሄዳል። በዚህም ሳቢያ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚያስገባው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሲጨመርበት ችግሩ ይከፋል። አዛውንት ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገቡ ዓይናቸው እስኪለምድ የሚወስደው ጊዜም ከወጣቶች ይረዝማል።

ብርሃኑ ምን ያህል ይሁን?

የብርሃን መጠን የሚለካው በሉመን ነው። አንድ ሻማ የሚሰጠው ብርሃን 12 ሉመን ገደማ ነው። ለቤት ውስጥ ከ20 እስከ 50 ሉመን፣ ወደ ጓሮና ወደ በረት ለመውጣት ደግሞ ከ50 እስከ 100 ሉመን ያለው ባትሪ ይበቃል። በማሸጊያ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሉመን የተጻፈባቸው ርካሽ ባትሪዎች ብዙ ጊዜ የተባለውን ያህል ብርሃን አይሰጡም። ቢሰጡም እንኳ ኃይለኛ ብርሃን ከነጭ ግድግዳ ወይም ከቆርቆሮ ላይ ተመልሶ የአዛውንትን ዓይን ያጭበረብራል።

ከብርሃኑ ብርታት ይልቅ ስፋቱ ይበልጣል። ጠባብ ጨረር የሚወረውር ባትሪ ሩቅ ያለን ዛፍ ያሳያል፤ እግር ሥር ያለውን ድንጋይ፣ ደፍ ወይም ጭቃ ግን በጨለማ ይተወዋል። ለአዛውንት የሚመረጠው በሁለትና በሦስት እርምጃ ርቀት መሬቱን በስፋት የሚያሳየው ነው። አምፖሉም ኤል ኢ ዲ ቢሆን ይመረጣል። የዱሮው ባለ ክር አምፖል ባትሪው ሲወድቅ ክሩ ይበጠስ ነበር፤ ኤል ኢ ዲ ግን ክር የለውም፣ ኃይልም ይቆጥባል።

አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሥራ

በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ባትሪዎች አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ብርቱ፣ ደብዛዛና ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ይሰጣሉ። ለማጥፋት ሁሉንም ደረጃ ማለፍ ያስፈልጋል። ለወጣት ቀላል የሆነው ይህ አሠራር በእንቅልፍ ልብ የተነሡትን አዛውንት ግራ ያጋባል። የመርሳት ችግር ላለባቸው ደግሞ ይብሳል።

የሚሻለው ወደ ፊት ሲገፉት የሚበራ፣ ወደ ኋላ ሲመልሱት የሚጠፋ ቁልፍ ነው። መብራቱ በርቶ መቆየቱን ወይም መጥፋቱን ጣት በመዳሰስ ብቻ ያውቀዋል። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጠንካራና ትንሽ ቁልፍ መጫን ስለሚያቅታቸው ቁልፉ ሰፊና ሻካራ ይሁን። ሙሉ ክብ የሆነ ባትሪ ተንከባሎ አልጋ ሥር ስለሚገባ ጠፍጣፋ ጎን ያለውን መምረጥ ይገባል።

ኃይሉ ከየት ይምጣ?

ዋናው ጥያቄ ባትሪው ለስንት ሰዓት ያበራል የሚለው ብቻ አይደለም፤ ኃይሉ ሲያልቅ ማን ይሞላዋል የሚለውም ነው።

በድንጋይ የሚሠራ ባትሪ፦ በአቅራቢያ ሱቅ ላላቸው ወላጆች ይህ አማራጭ አስተማማኝ ነው። ድንጋይ መለወጥ ብዙዎቹ አዛውንት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ሥራ ነው። ትልቁ ድንጋይ ለጣት ይመቻል፤ ሁለትና ሦስት ሲሆን ግን ክብደቱ እጅን ያደክማል። ትንሹ ድንጋይ ቀላል ነው፤ ሲገባ ግን በደንብ ማየትን ይጠይቃል። አልካላይን የሚባለው ዓይነት ከተራው ድንጋይ በዋጋ ቢወደድም ብዙ እጥፍ ይቆያል።

ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ፦ መብራት ላለበት ቤት ወጪ ይቆጥባል። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ በውስጣቸው የእርሳስና አሲድ ባትሪ አላቸው። ይህ ዓይነት ኃይሉ ተሟጦ ለሳምንታት ከተቀመጠ ይበላሻል። የሊቲየም ባትሪ ያለው ሳይነካ ቢቆይም ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ያበጠ ወይም የሚግል የሊቲየም ባትሪ ግን ወዲያውኑ ከጥቅም ውጭ መሆን አለበት፤ አልጋ ላይ አድርጎ ቻርጅ ማድረግም አይገባም።

በፀሐይ የሚሞላ መብራት፦ ሱቅም መስመርም ለራቃቸው ቤቶች ይስማማል። በየቀኑ ፀሐይ ላይ ማውጣትንና ማስገባትን ይጠይቃል። በክረምት ሰማዩ ሲደምን የሚሞላው ኃይል ስለሚቀንስ በድንጋይ የሚሠራ መጠባበቂያ አብሮ መኖር አለበት።

ከዘራ ለሚይዙ፣ ስልክ ለሚጠቀሙ

በአንድ እጃቸው ከዘራ በሌላው ባትሪ የያዙ አዛውንት ቢደናቀፉ ግድግዳ ወይም በር የሚይዙበት እጅ አይኖራቸውም። ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ለሱብሂ ሶላት ወደ መስጊድ ለሚሄዱ፣ ከብት ለማየት ወደ በረት ለሚወጡ ሰዎች ግንባር ላይ የሚታሰር ወይም አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባትሪ የተሻለ ነው።

የስልክ መብራት ለጊዜው ቢያገለግልም ዋነኛ መብራት ሊሆን አይገባውም። የስልኩ ኃይል በመብራት ካለቀ በችግር ጊዜ ልጅን ወይም ጎረቤትን መጥራት አይቻልም። ኩራዝና ሻማም እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የእሳት አደጋ ያስከትላሉ፤ የኩራዝ ጭስ ደግሞ ሳንባን ይጎዳል።

ከመግዛት በፊት የሚደረጉ ሙከራዎች

ገዢው ዓይኑን ጨፍኖ ቁልፉን በአውራ ጣቱ ብቻ ፈልጎ ያብራ። ቀጥሎም ክዳኑን ከፍቶ ይዝጋ፤ ክዳኑ ብርቱ ጉልበት የሚፈልግ ከሆነ ይተወው። በውስጡ ያለው ሞላ ዝገት የሌለበትና ድንጋዩን አጥብቆ የሚይዝ መሆኑን ይመልከት። በመጨረሻም ባትሪውን በርቶ ሳለ በመጠኑ ያራግፈው፤ ብርሃኑ ከተቆራረጠ ውስጡ ያለው ግንኙነት ላልቷል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሙከራ ግን ቤት የሚደረገው ነው። እናት ወይም አባት ማንም ሳያግዛቸው ድንጋዩን አውጥተው እንዲመልሱ ወይም ቻርጅ ላይ እንዲሰኩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ካልቻሉ ጉድለቱ የእርሳቸው ሳይሆን የዕቃው ነውና መለወጥ ይገባል።

አቀማመጥና እንክብካቤ

ባትሪው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ከአልጋ ሳይነሡ እጅ በሚደርስበት ምስማር ላይ ይሰቀል። ነጭ ወይም ደማቅ ጨርቅ ቢታሰርበት በጭላንጭል ይታያል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ ቀላቅሎ መጠቀም ፈሳሽ እንዲያፈስና ባትሪውን እንዲያበላሸው ያደርጋል። ለረጅም ጊዜ የማይሠራበት ባትሪ ድንጋዩ ወጥቶ ይቀመጥ። ያለቀ ድንጋይ ሊፈነዳ ስለሚችል እሳት ውስጥ አይጣልም፤ የቁልፍ መልክ ያላቸው ትንንሽ ድንጋዮች ደግሞ ሕፃናት ቢውጧቸው ጉሮሮን ስለሚያቃጥሉ ከልጆች መራቅ አለባቸው።

ርቀው የሚኖሩ ልጆች ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ወይም ለኢድ ወደ ወላጆቻቸው ሲመለሱ ባትሪውን አብርተው መመልከት፣ ሞላውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግና ሁለት አዲስ ድንጋይ በመጠባበቂያነት ትቶ መሄድ ይችላሉ። ሥራው ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም።