ኢቃማና የሐኪም ቤት ደጅ



በሪያድ ከተማ ሐኪም ቤት አልጠፋም። ነዋሪው ሹመይሲ እያለ የሚጠራውና ዛሬ በንጉሥ ሳዑድ ስም የሚታወቀው ትልቅ ሆስፒታል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመንግሥቱም የግሉም ተቋማት በዝተዋል። ሆኖም ልጁ በሌሊት ትኩሳት ሲይዘው ከቤት ለመውጣት የሚያመነታ አባት በመካከላችሁ አለ። የሚያመነታው ልጁን ስለማይወድ ሳይሆን ኢቃማው ስላልታደሰ ነው። በታማሚና በሐኪም መካከል ወረቀት እንዴት እንደ ገባ ታሪኩን ብንመለከት፣ አንዳችን ለሌላችን ምን ልናደርግ እንደሚገባን ይገለጥልናል።

የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የጋራ የጤና መድን ሕግን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ፣ የግል ድርጅት ለውጭ አገር ሠራተኛውና ለጥገኛ ቤተሰቡ መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ ወጪውም የአሠሪው እንጂ የሠራተኛው አይደለም። ለብዙዎች ታላቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን መድኑ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር ተቆራኘ፤ መድን የሌለው ኢቃማውን ማሳደስ ይሳነዋል፣ ኢቃማው ያለፈበትም አዲስ መድን ለማግኘት ይቸገራል። የቤት ሠራተኞች ደግሞ ከዚህ ጥላ ውጭ ለረጅም ዘመን ቆዩ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ያሉት አሠሪ መድን እንዲገባላቸው ተደነገገ፤ በአንድ ቤት ብቻዋን የምታገለግል እኅታችን ግን በዚህ ድንጋጌ አልተካተተችም።

ልጆችና ተማሪዎች ያሏቸው ቤተሰቦች የተፈተኑበት ሌላ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ጀመረ። ለእያንዳንዱ ጥገኛ በወር 100 ሪያል እንዲከፈል ተወሰነ፤ መጠኑም በየዓመቱ በ100 ሪያል እየጨመረ እ.ኤ.አ. በ2020 400 ሪያል ደረሰ። እስቲ እናስላው፦ ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት አባት በመጀመሪያው ተመን በዓመት 4,800 ሪያል ይጠበቅበት ነበር፤ በመጨረሻው ተመን ግን 19,200 ሪያል። ገንዘቡ ያልሞላለት የቤተሰቡን ኢቃማ ማሳደስ አልቻለም፤ የልጆቹ ትምህርትና ሕክምና በአንድ ገመድ ታስረው ነበርና አብረው ተናጉ። ሚስቱንና ልጆቹን ወደ አገር ቤት ሸኝቶ ብቻውን የቀረው ብዙ ነው።

በዚህ ላይ ፍርሃት ታከለበት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ፣ በደቡብ ሪያድ በመንፉሃ ሰፈር የደረሰውን ግጭትና እንግልት በዓይኑ ያየ ከእናንተ መካከል አለ። በዚያን ጊዜና በተከታዮቹ ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፍርሃቱ ግን አብሯቸው አልተመለሰም፤ በቀሩት ዘንድ ቀረ። ወረቀት የሌለው ሰው ከሕመሙ ይልቅ የሐኪም ቤቱን በር የሚፈራው ስለዚህ ነው።

ወረቀትና ሕክምና ሊለያዩ እንደሚችሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 2020 ታየ። የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ንጉሥ ሰልማን ዜጋውም፣ የውጭ አገር ነዋሪውም፣ የመኖሪያ ሕግ የጣሰውም ለዚህ በሽታ በነጻ እንዲታከሙ አዘዙ። ወረርሽኙ የአንዱ ሕመም የሁሉ ሕመም መሆኑን አስተምሮ ነበርና።

እኛ ካቶሊካውያን ይህን ትምህርት ቀድመን ልናውቀው ይገባን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 የኦሮሞ ሐዋርያዊ ቪካር ሆነው የተሾሙት ካፑቺናዊው ጉልዬልሞ ማሳያ፣ በሕዝቡ አጠራር አባ ማስያስ፣ በአገራችን እንግዳ ነበሩ፤ ታስረዋል፣ ተባረዋል። በደረሱበት ሁሉ ግን የፈንጣጣ ክትባት ይሰጡ ስለ ነበር ስማቸው ከፈንጣጣ ጋር ተያይዞ እስኪጠራ ደረሰ። ስደተኛው ለአስተናጋጆቹ ጤና ሆነ። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 እንግዳውንና ታማሚውን ጎን ለጎን ያቆማቸው በከንቱ አይደለም።

ደጉን ሳምራዊም አስቡት። ቁስሉን አስሮ አልሄደም፤ በገዛ እንስሳው ጭኖ ማረፊያ አደረሰው፣ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ ለተረፈውም ወጪ ራሱን ዋስ አደረገ። በአማርኛችን መድን ማለት ከኢንሹራንስ በፊት ዋስ ማለት ነበር። ሕግ ያልደረሰበትን ሰው የሚደርስለት ይህ የጥንቱ መድን ነው። እኔም እንደ ካህን ለታመመ ሰው ጸልዬ ስለያይ፣ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው ሰው እንዳለው ሳልጠይቅ ያለፍሁበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለራሴም ጭምር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የኢቃማችሁንና የመድናችሁን ማብቂያ ቀን አስቀድማችሁ እወቁ። መድን የአሠሪ ግዴታ መሆኑን ለማያውቀው ንገሩ። በስኮላርሺፕ የሚማር ወንድማችሁ በዩኒቨርሲቲው የሚያገኘውን ሕክምና ሳይታመም ይጠይቅ። ለጤና ምክር 937፣ ለድንገተኛ አደጋ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 መሆኑን በእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ጻፉ። ዓረብኛ በትምህርት ቤት የተማረውን ልጅ የእናቱን ሕመም እንዲያስተረጉም አታስገድዱት፤ ልጅ ሊሸከመው የማይገባ ሸክም ነውና። ቋንቋ የምታውቅ እኅት ከእናትየዋ ጋር ትሂድ። ወረቀት የሌለውንም አትጠይቁት፣ አትፍረዱበትም፤ መጀመሪያ አብራችሁት ተነሡ።

ሕጎች ሲለወጡ አይተናል፤ ገናም ይለወጣሉ። እስከዚያ ድረስ ግን ትኩሳት የያዘው ሕፃን የሚጠብቀው ሕጉን ሳይሆን ደጁን የሚያንኳኳውን ጎረቤት ነው። ታማሚዎችን የዳሰሰ ጌታችን እጆቻችሁን ያበርታ፤ የስደተኞች እናት ድንግል ማርያም ትጠብቃችሁ። አሜን።